ለአባቶቻችን የምንቀዳው መለኪያ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)






የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ የጠየቀኝ ስለ ምርጥ ዘር አጠቃቀም አጭር ገለጻ እንዳቀርብ ነበር። ሆኖም ስለ ምርጥ ዘር ዓመቱን ሙሉ ስንነጋገር የምንኖር በመሆኑ ለዛሬ ርዕሱን ልቀይረው ብዬ ኮሚቴውን አስፈቅጃለሁ። ልናገር የመጣሁት ስለ አረቄና ስለ ጠላ፣ በተለይም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለሚጠጡት መጠጥ ነው።

ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ በአባቶች ፊት ቆሞ ስለ አባቶች መጠጥ ሲናገር ድፍረት እንደሚመስል አውቃለሁ። ርዕሱን አስቀድሜ የነገርኋቸው አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ስለ ማዳበሪያ ብትነግረን አይሻልህም?» ብለውኛል። ደግሞም እኔ በእፅዋት ሳይንስ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ስለ ጤናው የምናገረው ከቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ከጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። እንድናገር ያስገደደኝ ግን የራሴ ጥፋት ነው። ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር።

አንድ የመስክ በዓል ቀን

ከኮሌጅ ወጥቼ በተመደብሁበት ቀበሌ ሥራ ስጀምር ስንዴን በመስመር ዝሩ ብል የሚሰማኝ አልነበረም። «የግብርናው ልጅ፣ እኛ በእጃችን በትነን ነው ያደግነው» ይሉኝ ነበር። ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት ያለፈ አንድ አባት ብቻ፣ «አንዲት ጥማድ መሬት እሰጥሃለሁ፤ ካልሆነ ግን የጎደለውን ከደመወዝህ ትከፍለኛለህ» አሉኝ። አብረን ዘራን፣ አብረን አረምን። ማሳቸው አማረ። በቀጣዩ ዓመት ጎረቤቶቻቸው ተከተሉ፤ ከዚያም ቀበሌው ተከተለ። ዛሬ በዚያ ቀበሌ ሠራ የሚባል ሥራ ካለኝ በእሳቸው በር የገባ ነው።

ቤታቸው በሄድሁ ቁጥር አረቄ ይቀዳልኛል። እምቢ ማለት ነውር ሆኖ ስለታየኝ እቀምሳለሁ። ቆይቶ ደግሞ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ሆነብኝና አንድ ጠርሙስ እየያዝሁ እሄድ ጀመር። ይህን የማደርገው ለአክብሮት ነበር፤ እሳቸውም የሚቀበሉኝ እንደ አክብሮት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የመስክ በዓል አዘጋጀን። ከወረዳ እንግዶች መጡ፤ ማሳው ተጎበኘ። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር እሳቸው እንደ ልማዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ነበር የዋሉት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ አፋቸው መጀመሪያ የገባው እንጀራ ሳይሆን አረቄ ነው። «ለሞዴል አርሶ አደራችን ይቀዳላቸው!» ተባለ፤ ጠርሙሱን ይዤ የቀዳሁት እኔ ነኝ። በእጄ የቀዳሁት አራት መለኪያ ትዝ ይለኛል። ከእኔ በኋላ ሌሎችም ቀድተውላቸዋል፤ ያን አልቆጠርሁም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ። ላድርስዎ ብል «ይህን መንገድ አንተ ሳትወለድ ነው የማውቀው» አሉኝና ተውሁ። በመንገዱ ላይ በተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ከአርሶ አደሩ ጋር የሠራነው የድንጋይ እርከን አለ። ከእርከኑ ላይ ወደቁ። ሌሊቱን በውርጭ አድረው ጠዋት ከብት የሚያወጣ ልጅ አገኛቸው። መጀመሪያ ወጌሻ አያቸው፤ ሕመሙ አልቆም ሲል ሰንብተው ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። የተሰበረው የዳሌ አጥንታቸው ነበር፤ ጊዜውም አልፎበት ነበር። ዛሬ በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄዱት። መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተዋል፤ በሬዎቻቸው ተሽጠዋል።

ልጠይቃቸው ስሄድ ከመኝታቸው አጠገብ የደም ግፊት መድኃኒት አየሁ። ለካ ከጀመሩ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ የአፈራቸውን ለምነት፣ የበሬዎቻቸውን ዕድሜ ሳይቀር ስመዘግብ ስለ ጤናቸው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «አንተ ምን አደረግህ? አክብረህ ቀዳህልኝ፤ አክብሬ ጠጣሁልህ» አሉኝ። ስማቸውን ሳልጠራ ይህን እንድናገር የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሽማግሌው የሚጠጡት ስላከበርናቸው ነው፤ የምንቀዳው ስለምናከብራቸው ነው። ማንም ሳይበድል ሰው ይሰበራል።

መለኪያውን እንለካው

እኛ የግብርና ሰዎች ያለ መጠን አንሠራም። ዘሩም፣ ማዳበሪያውም፣ ፀረ አረሙም በሄክታር ስንት እንደሚገባ እንነጋገራለን። መጠጡንም በዚያው ዓይን እንየው።

ጠላ ውስጥ ያለው አልኮል ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ ሲሆን በደንብ ተጠልሎ የጠነከረው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ቅራሪ ከዚህ ያንሳል። ቢራ 5 በመቶ አካባቢ ነው። አረቄ ግን ሌላ ነው። ጌሾና ብቅል ገብቶበት የፈላው ድፍድፍ በእሳት ሲወጣ አልኮሉ ስለሚሰበሰብ ተራው አረቄ ከ35 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል፤ ዳግም የወጣው ከዚያም ያልፋል።

መለኪያ እንደየቤቱ ይለያያል። 40 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል፤ አረቄውም 40 በመቶ ይሁን። በአንድ መለኪያ 16 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ ማለት ነው። 3 በመቶ አልኮል ባለው ጠላ ይህን ለማግኘት ከግማሽ ሊትር በላይ መጠጣት ያስፈልጋል። እንግዲህ «ሦስት መለኪያ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል አባት አንድ ሊትር ተኩል ከሚበልጥ ጠላ ጋር የሚመጣጠን አልኮል ጠጥቷል። ጠላውን ቢሆን ሆድ ይሞላል፣ ሰዓት ይወስዳል፣ እስኪጨርስም ጨዋታው ያልቃል። አረቄው ግን ቆሞ የሚያልቅ ነው።

ይህንኑ በዓመት እናስላው። በቀን ሦስት መለኪያ በዓመት 1,095 መለኪያ ነው። በ40 ሚሊ ሊትር ሲባዛ ወደ 44 ሊትር ይጠጋል፤ ይህም ከሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ነው። ዋጋውን እኔ አልናገርም። እያንዳንዳችሁ በቀበሌያችሁ የመለኪያ ዋጋ አባዙትና ከዓመቱ የማዳበሪያ ዕዳ ጋር አስተያዩት።

ያው ዝናብ፣ ሌላ አፈር

አባቶች፣ «ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠጥቼዋለሁ፤ ምን አደረገኝ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ያው ዝናብ በቀይ አፈርና በዋልካ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ እንደማይሠራ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በቀዩ አፈር ላይ ሰርጎ ያልፋል፤ በዋልካው ላይ ግን ይተኛል፤ ሥሩንም ያፍነዋል። ዝናቡ አልተለወጠም፤ አፈሩ ነው የተለየው።

የሰው አካልም በዕድሜ አፈሩ ይለወጣል። ዕድሜ ሲገፋ በሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ይቀንሳል። አልኮል የሚሟሟው በውሃ በመሆኑ ውሃው ሲያንስ ያው መለኪያ በደም ውስጥ ይበረታል። ጉበትም አልኮሉን የሚያስወግድበት ፍጥነት ይቀንሳል። ሚዛን የመጠበቅ ችሎታ፣ የዓይን ብርሃንና የአጥንት ጥንካሬ አብረው ይደክማሉ። በዚህ ምክንያት በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሦስት መለኪያ ጠጥቶ ዘፍኖ የሚገባ ሰው በስልሳ አምስት ዓመቱ በዚያው ሦስት መለኪያ እርከን ላይ ይወድቃል። በእናቶች ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ከወንዶች ያነሰ በመሆኑ እነሱን ቶሎ ይጎዳል። ባዶ ሆድ ከሆነ ደግሞ አልኮሉ ወደ ደም በፍጥነት ስለሚገባ ጾም ውሎ በአረቄ መክፈት ከሁሉ ይከፋል።

ሁለተኛው ነገር መድኃኒት ነው። ዛሬ ከአባቶቻችን ብዙዎቹ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ። መጠጥ ከግፊት መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ከመቀመጫ ብድግ ሲሉ ያዞራል፣ ይጥላል። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚወሰዱ እንደ ዲክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ከመጠጥ ጋር ሲሆኑ ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ። ብዙ ለሚጠጣ ሰው ፓራሲታሞልም ቢሆን በጉበት ላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

በተለይ የስኳር ሕመምተኛ የሆነውን አስቡ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ ኪኒን የወሰደ ሰው ሳይበላ ከጠጣ የደሙ ስኳር በጣም ሊወርድ ይችላል። ስኳሩ የወረደበት ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይደናገራል፣ ይወድቃል። የሚያየው ሰው «ሰክረው ነው፤ ይተኙ» ብሎ ጋቢ ያለብሳቸውና ይሄዳል። ሊነጋም ላይነጋም ይችላል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው እንደዚህ ሆኖ ከተገኘ፣ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ቶሎ ስኳር ያለው ነገር ማጠጣት፣ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

ስለ አረቄ ከሚባለው

ደገኞች ነን፤ ብርዱን እናውቀዋለን። «አረቄ ብርድ ያስለቅቃል» የሚባለው ግን ስሜቱ እንጂ ሥራው እንዲያ አይደለም። አልኮል የቆዳ ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ቆዳችን ይሞቃል፤ የሞቀን የውስጡ ሙቀት ወደ ውጪ እየወጣ ስለሆነ ነው። በውርጭ ሌሊት ጠጥቶ ሜዳ ላይ የተኛ ሰው ካልጠጣው ሰው ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው።

«እንቅልፍ ይሰጠኛል» የሚሉም አሉ። ቶሎ ያስተኛል፤ ግን ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ያነቃል፣ ሽንትም ያበዛል። ሽማግሌ ሰው በጨለማ ወደ ደጅ ሲመላለስ ነው የሚወድቀው። «ትንሽ ትንሽ ለጤና ጥሩ ነው» የሚለውም አሁን አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ለጤና ምንም ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። አልኮል ለጉሮሮ፣ ለጉበትና ለጡት ካንሰር መንስኤ ከሚሆኑ ነገሮች አንዱ መሆኑም የታወቀ ነው።

ይህን የምለው ከነገ ጀምሮ ሁሉም ይተው ለማለት አይደለም። ሰንበቴው ላይ አንድ ጣሳ ጠላ የሚቀምሱ አባትና ጠዋት ዓይናቸውን የሚገልጡት በመለኪያ የሆኑ አባት አንድ አይደሉም። ከሁለቱ የትኛው በቤታችን እንዳለ ግን እንወቅ።

ለምን ይጠጣል?

አረቄ ቤት ገብቼ ከአባቶች ጋር ስቀመጥ ያየሁት ነገር አለ። መለኪያው ጨብጠው የሚቀመጡ እንጂ ለመጠጣት የሚቸኩሉ ጥቂቶች ናቸው። የሚፈልጉት ሰው ነው። ሚስት ሞታለች፤ ልጆች ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ዓረብ አገር ናቸው። መሬቱ ለልጆች ተከፋፍሏል ወይም ለእኩል ተሰጥቷል። ቀድሞ አራሽ የነበረ ሰው ዛሬ ማለዳ ተነሥቶ የሚሄድበት ማሳ የለውም። እሳት ያለበት፣ ወሬ ያለበት፣ «ይግቡ አባባ» የሚባልበት ቤት አረቄ ቤቱ ብቻ ሆኖ ይገኛል። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ ምሽት ላይ «የት አመሹ?» ብለን ከመቆጣት በቀር አብረናቸው አናመሽም።

በሌላ በኩል አረቄውን የምታወጣው እናት አለች። ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች፣ መሬቷ ጠባብ የሆነ፣ ልጆቿን በዚያች ጀሪካን የምታስተምር ናት። ጭሱ ዓይኗን ጨርሶታል፤ ማገዶው ባሕር ዛፏን ጨርሶታል። ስታወጣ እየቀመሰች፣ ከእንግዳ ጋር እየጠጣች የለመደችም አለች፤ ስለ እሷ ማንም አያወራም። ሽማግሌ ወንድ ሲሰክር ይሳቅበታል፤ ሽማግሌ ሴት ስትጠጣ ይደበቃል። የተደበቀ በሽታ ደግሞ አይታከምም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችንም እንናገር። ዩኒየናችን ከአባላት የሚሰበስበው አንዱ ምርት የብቅል ገብስ ነው፤ መድረሻውም ይታወቃል። ከእርሱ በምናገኘው ገቢ ልጆች ተምረዋል፣ ቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል። ስለዚህ ጣታችንን በአረቄ አውጪዋ ላይ ብቻ መቀሰር አያምርብንም።

በቤታችን እንዴት እንወቅ?

የጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። በአክብሮትና ለብቻ ሆኖ ይጠየቃሉ፦

1. መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለው አስበው ያውቃሉ?
2. ሰዎች ስለሚጠጡት መጠጥ ሲናገሩዎት ተናደው ያውቃሉ?
3. በመጠጣትዎ ጸጸት ተሰምቶዎት ያውቃል?
4. ጠዋት ሰውነት ለማረጋጋት ወይም ስካር ለማብረድ ብለው በመጠጥ ጀምረው ያውቃሉ?

ሁለቱንና ከዚያ በላይ አዎ ያለ ሰው የጤና ባለሙያ ቢያየው ይገባል። ከዚህም ሌላ ተደጋጋሚ መውደቅ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ብልዘት፣ መርሳት፣ ምግብ መጥላት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ሲታይ «እርጅና ነው» ብሎ ከማለፍ በፊት መጠጡን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረን ሽማግሌ ቤት ዘግቶ በአንድ ቀን ማስተው አደጋ አለው። መጠጡ በተቋረጠ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ሊጀምር ይችላል። ከዚያም የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ይህ ያለ ሕክምና ሊገድል የሚችል በመሆኑ እንዲህ ያለው ሰው መተው ሲፈልግ አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ሄዶ በባለሙያ ክትትልና በመድኃኒት ይተው። ጸበል የሚሄድም ቢሆን ከሕክምናው ጋር አብሮ ቢያደርገው ጉዳት የለውም።

ምን ይደረግ?

መጠጥ ለወጣቶች እንዳይሸጥ ሕግ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ገድቧል። ለሽማግሌ የሚሆን ሕግ ግን አይወጣም፤ ሊወጣም አይገባም። የሽማግሌው አጥር ቤተሰቡና ማኅበሩ ናቸው። በመሆኑም ለዩኒየናችንና ለመሠረታዊ ማኅበራቱ የሚከተሉትን አምስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በዩኒየኑ ስብሰባ፣ ሥልጠናና የመስክ በዓል ላይ አረቄ አይቅረብ። መጀመሪያ ምግብ፣ ከዚያ ቡና ይሁን። «እንግዳ ያለ አረቄ አይከበርም» የሚለኝ ሰው ካለ፣ ወደ ሙስሊም አባሎቻችን ቤት ይሂድና እንግዳ እንዴት እንደሚከበር ይይ። በእነሱ ቤት ብዙ ጊዜ ተጋብዣለሁ፤ ክብር ጎድሎብኝ ወጥቼ አላውቅም። ብርዝም፣ ቡናም፣ በሶም የእኛው ናቸው።

ሁለተኛ፣ የትርፍ ክፍፍል በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ይቅር። የሚቻለው በቁጠባ ሒሳብ ይግባ፤ የማይቻለው ጠዋት ይከፈል፤ ባልና ሚስት አብረው ይምጡ። ከማኅበሩ ቢሮ እስከ አረቄ ቤቱ ያለውን ርቀት ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሦስተኛ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ተገኝተው የደም ግፊት ይለኩ፤ ስለ መድኃኒትና ስለ መጠጥም ለየብቻ ይጠይቁ። እኛ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም የቤተሰብ መረጃ ስንመዘግብ «መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ?» ብለን እንጠይቅ። እኔ ይህን አለመጠየቄ ምን እንዳስከፈለ ነግሬያችኋለሁ።

አራተኛ፣ አረቄ አውጪ እናቶችን ከመውቀስ በፊት ሌላ በር እንክፈትላቸው። ከቁጠባና ብድር ማኅበራት ጋር ተነጋግረን በዶሮ፣ በበግ ማሞከት ወይም በጓሮ አትክልት የሚጀምሩበትን ብድር ብናመቻች፣ ከጭሱ መውጣት የሚፈልጉ ብዙ እንዳሉ ከእነሱ አፍ ሰምቻለሁ።

አምስተኛ፣ ለሽማግሌዎቻችን ቦታ እንስጥ። ቦታ ስል የክብር ወንበር ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ሥራ ማለቴ ነው። የትኛው የገብስ ዘር ለየትኛው ማሳ እንደሚስማማ፣ ውርጭ የሚመታው የትኛው ጥግ እንደሆነ፣ የወሰን ክርክር ከየት እንደጀመረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በዘር መረጣ፣ በሽምግልና፣ በችግኝ ጣቢያ ጥበቃ ብናሳትፋቸው ማለዳ ተነሥተው የሚሄዱበት ያገኛሉ።

የመጨረሻው ሐሳብ ከእኚያ አባት ጋር ከሞከርሁት የመጣ ነው። ባለፈው የመኸር ወቅት በበቅሎ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከሉ እየመጡ ወንበር ላይ ሆነው የገብስ ዛላ ሲመርጡ፣ ወጣቶቹን ሲያሳዩ ሰነበቱ። «ይህ አይደለም፤ ይህ ሥሩ ደካማ ነው» እያሉ ከእጃችን ሲቀሙን ያየ ሰው ምርኩዛቸውን አያስታውስም። ቡና እናፈላላቸዋለን። ነገሩ ሁሉ ተስተካክሏል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ብርዱ ሲበረታና አጥንታቸው ሲጠዘጥዝ፣ «ልጄ፣ የዛሬን ብቻ አንዲት ቅዳልኝ» ይሉኛል። «አልቀዳም አባቴ» ስላቸው የሚቆጡበት ቀን አለ፤ ፊታቸውን አዙረው የሚውሉበትም ቀን አለ። ለእኔ ከመቅዳት ይልቅ አለመቅዳት በጣም ከባድ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ግን በማግሥቱ በቅሎዋን ይዤ ስሄድ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጅ ተቀምጠው ነው የማገኛቸው።

የተከበራችሁ አባላት፣

ከዚህ ስብሰባ በኋላ የበዓል ግብዣ እንዳለ አውቃለሁ። ስገባ ከድንኳኑ ጀርባ ጋኑንም፣ ጀሪካኑንም አይቻለሁ። በዓል ነውና ደስ ይበለን። አዘጋጅ ኮሚቴውን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለአባቶችና ለእናቶች አስቀድሞ እንጀራው ይቅረብ፤ ጀሪካኑ ባለበት ይቆይ፤ ሲመሽም በየመንገዳቸው የሚሸኛቸው ልጅ ይመደብ። «መንገዱን አውቀዋለሁ» ቢሏችሁም አትተዉአቸው። የመጀመሪያው ሸኚ እኔ ነኝ፤ ስሜን ጻፉት።